መሰናክል የሚለየው ተሽከርካሪ ወንበርና የበሩ ፈተና

በሞተር የሚሠራ ተሽከርካሪ ወንበር እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይናቸው ለደከመ አካል ጉዳተኞች አደገኛ ነው በሚል ሊከለከላቸው ይችላል። በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ የሠሩት “ናቭቼር” ይህንኑ ችግር ለማቃለል የታሰበ ነበር።

በወንበሩ የተገጠሙት 12 መሣሪያዎች ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ይልካሉ፤ ድምፁ ነጥሮ እስኪመለስ ከሚወስደው ጊዜም የመሰናክሉ ርቀት ይሰላል። ኮምፒዩተሩ በዚሁ መሠረት ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ያስተካክላል፤ መንጃው ግን ከተጠቃሚው እጅ አይወጣም።

አስቸጋሪው በር ነበር። ከመሰናክል የሚሸሽ ወንበር የበሩን መቃኖችም ስለሚሸሽ፣ ለበር ማለፊያ የተለየ የአሠራር ስልት ተዘጋጅቶለታል። ፊት ለፊት ብቻ የሚያነጣጥሩ መሣሪያዎች ግን ቁልቁል የሚወርድ ደረጃን አይለዩም፤ ድምፁን የሚመልስ ነገር ከፊታቸው የለምና። ከግድግዳ ግጭት የከፋው አደጋም ይኸው ነው።