ለቅሶ የማይደረስለት ሐዘን፦ ከተፈጥሮ አደጋ በኋላ የአርሶ አደሩ ስሜት

በአርሲ ዞን የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ሳጉሬና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ማንም አይጠፋውም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮና ቡና ይዞ ይመጣል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። በረዶ የደረሰ ስንዴን በአንድ ከሰዓት ሲያነጥፈው፣ ወይም የኅዳር ውርጭ ባቄላውን በአንድ ሌሊት ሲያጠቁረው ግን ድንኳን አይተከልም። ባለማሳው የሚሰማው «እንኳን ሰው ተረፈ»፣ «ንብረት ይተካል» የሚል ቃል ነው። ቃሉ ከቅን ልብ ይወጣል፤ ሆኖም ሰውየው ስለ ሐዘኑ ሳይናገር አፉን ይዘጋዋል።

የአካባቢው ስንዴ አብቃዮች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ስንዴ አምራች አካባቢዎች ተስፋፍቶ ኩብሳና ጋለማ የተባሉትን ዝርያዎች ክፉኛ መታ። ከዚያ በኋላ ብዙዎች የወረዳውን ስም ወደሚጋራውና ቢጫ ዋግን ይቋቋም ወደነበረው ዲገሉ ዞሩ። ከኅዳር እስከ ጥር 2006 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት በደቡብ ምሥራቅ ደጋማ አካባቢዎች ተነሣ፤ በዲገሉ ማሳዎች ላይ ያደረሰው የምርት ጉዳት መቶ በመቶ ሊሞላ የተቃረበባቸው ቦታዎች ነበሩ። ዋግ የሚከፋው ብዙውን ጊዜ እህሉ ፍሬ በሚቋጥርበት ወቅት ስለሆነ፣ የታረሰው ታርሶ፣ ማዳበሪያው ተጨምሮ፣ አረሙ ታርሞ ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ገበሬው የሚያጣውም የዓመት ቀለብን ብቻ አይደለም፤ የልጁን ትምህርት ቤት ወጪ፣ የታቀደ ሠርግን፣ በሰው ፊት ያለውን ስምም ጭምር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ራስን መክሰስ ነው። «ቀድሜ ብረጨው ኖሮ»፣ «ዘሩን ባልቀይር ኖሮ» የሚል ሐሳብ ሌሊቱን ይመላለሳል። የዋግ ብናኝ ግን በነፋስ ተጭኖ ከሩቅ አገር የሚመጣ ነው፤ አጥር አይከለክለውም። በአሰላ አቅራቢያ የሚገኘውን የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከልን የመሰሉ ተቋማት እንኳ አዳዲስ ዝርያዎችን ያለማቋረጥ የሚያወጡት ዋጉ ራሱን ስለሚለዋውጥ ነው። ይህን በማሳው ዳር ቆሞ የሚያስረዳ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የግብርና ምክር ብቻ አልሰጠም፤ ከአንድ ሰው ትከሻ ላይ የማይገባውን ጥፋት አውርዷል። የጉዳት መመዝገቢያ ቅጹ ሄክታርና ኩንታል እንጂ እንቅልፍ ስለማጣት አይጠይቅምና፣ ይህ ንግግር ካልታሰበበት ይዘለላል።

የሰው ሕይወት በጠፋበት አደጋ ሁለቱ ሐዘኖች ይደራረባሉ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቀድሞ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የሮጡና በሁለተኛው ናዳ የተዋጡ ነበሩ። አገሪቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አውጃለች። በዚያ ስፍራ የተረፈው ሰው የሞተበትን ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ሊያስተዛዝኑት የሚመጡትን ጎረቤቶችም አጥቷል፤ የሚታረሰው መሬትም አብሮ ተንዷል።

እንዲህ ባለ አደጋ ውስጥ ያለፈ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ፣ ዝናብ ሲያጉረመርም ቢደነግጥ፣ በትንሽ ነገር ቢቆጣ፣ ራሱንና ደረቱን ቢያመው አብዷል ማለት አይደለም። ልጆች ሌሊት አልጋ ሊያረጥቡ፣ ከእናታቸው አልለይ ሊሉ ይችላሉ። በአብዛኛው ሰው ላይ እነዚህ ምልክቶች የቅርብ ሰው እስካልተለየውና የዕለት ፍላጎቱ እስከተሟላ ድረስ በጊዜ ሂደት ይቀንሳሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃላት ይገልጸዋል፦ መመልከት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። በመጀመሪያ ማን የከፋ ችግር ላይ እንዳለ ይታያል፤ ቀጥሎ ጆሮ ይሰጣል፤ ከዚያም ሰውየው ምግብ፣ መጠለያ፣ ዘመድ ወይም ሐኪም ወዳለበት ይደርሳል። ማዳመጥ ማለት ግን ማስለፍለፍ አይደለም። የተጎዳን ሰው ያየውን ሁሉ እንዲተርክ መወትወት እንደማይጠቅም፣ አንዳንዴም እንደሚጎዳ ታውቋል። የለቅሶ ቤት ጠያቂ ዝም ብሎ መቀመጥን የሚያውቅበት ምድር ለዚህ እንግዳ አይሆንም፤ የጎደለው ልማዱን ወደ ወደመው ማሳ ማድረሱ ነው።

በኦሮሞ ባህል ቡሳ ጎኖፋ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ወገኖቹ ከየመንጋቸው አዋጥተው የሚያቋቁሙበት ሥርዓት ነው፤ በቅርብ ዓመታትም የኦሮሚያ ክልል በተቋም ደረጃ አደራጅቶታል። የምትሰጠው ጊደር ወተቷ ሳይደርስ አንድ ነገር ትሠራለች፦ ሰውየው ጠዋት የሚነሣበት ምክንያት ታመጣለታለች። ለሚቀጥለው ወቅት ዘር ማበደርም ሆነ በደቦ ማረስ እንዲሁ ነው።

ጎረቤት የማይበቃበት ጊዜም አለ። ከአንድ ወር በላይ ሥራ መሥራት ያቃተው፣ ከሰው የሸሸ፣ አረቄ ያበዛ ወይም «መኖሬ ለምን ይጠቅማል» ማለት የጀመረ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት፤ በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መንገዱን ያሳያሉ። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» ብሎ በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ ለመናገር በር ይከፍትለታል። እስከዚያው ብቻውን አይተው፤ የፀረ አረምና የፀረ ተባይ ኬሚካልም ከቤቱ ወጥቶ ዘመድ ዘንድ ይቆለፍበት።

ሐዘኑ የሚያገረሽበት ወቅትም አስቀድሞ ይታወቃል። በደጋው ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ በሚልባቸው የጥቅምትና የኅዳር ሌሊቶች፣ ባለፈው ዓመት ውርጭ የመታው ገበሬ ደጋግሞ ወጥቶ ሰማይ ያያል። በእነዚያ ሳምንታት ማታ ማታ ጎራ ብሎ ቡና አብሮት የሚጠጣ፣ ማለዳም ማሳውን አብሮት የሚዞር ሰው ያስፈልገዋል።