አሮጌዋ ጀልባ ትገዛ ወይስ ትቅር?

ጣና ሐይቅ ሰፊ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በደንገል ታንኳ ይጠቀማል። ታንኳ ርካሽ ናት። ነገር ግን ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ትበሰብሳለች። ደንገሉም እንደ ድሮው እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ዓሣ አጥማጅ የእንጨት ጀልባ ይመኛል። አዲስ ጀልባ ደግሞ ውድ ናት። ታዲያ አሮጌ ጀልባ ስትገኝ ምን ይደረጋል?

እስቲ አንድ ዓሣ አጥማጅ እናስብ። ጊደሩን በ30,000 ብር ሸጧል። በሐይቁ ዳር ተገልብጣ የከረመች ጀልባ አየ። ሻጩን ዋጋዋን ቢጠይቀው «30,000 ብር» አለው። ሰውየው ጓጓ። ሚስቱ ግን «ቀብድ ሳትሰጥ በፊት አናጢ ይያት» አለችው።

አናጢው ሽማግሌ ናቸው። መዶሻና ወስፌ ይዘው መጡ።

«አባባ፣ ቀለሟ እኮ አዲስ ነው» አላቸው።

«ቀለሙን ተወው ልጄ። የሚንሳፈፈው እንጨቱ ነው» አሉት።

ለሽያጭ ሲባል የተቀባ ቀለም ብስባሹን ይሸፍናል። ስለዚህ አዲስ ቀለም ስታዩ ይበልጥ ተጠንቀቁ።

ከጀልባዋ ሥር ገብቶ ቀና ቢል በጣውላዎቹ መሐል ፀሐይ ታየው። ደነገጠ። ሽማግሌው ግን ሳቁ። እንጨት በፀሐይ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ ያብጣል። ጀልባዋን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ 2 ወይም 3 ቀን ቢያስቀምጧት ጠባቡ ስንጥቅ ራሱ ይገጥማል። የቀረው በሬንጅ በተነከረ ጥጥ ይደፈናል። ጣት የሚያሾልክ ስንጥቅ ከሆነ ግን ጣውላው መለወጥ አለበት።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሽማግሌው እንጨቱን በመዶሻ እየመቱ አዳመጡ። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። በተጠራጠሩበት ቦታ ሁሉ ወስፌ ወጉ። ወስፌው እንደ ቂጣ ውስጥ ሰተት ብሎ ከገባ እንጨቱ አልቋል ማለት ነው።

ብስባሽ የት ይገኛል? ሁልጊዜ ደረቅ የሆነ እንጨት አይበሰብስም። ሁልጊዜ በውሃ ውስጥ ያለም አየር ስለማያገኝ ቶሎ አይበሰብስም። የሚበሰብሰው አንዴ የሚርስ፣ አንዴ የሚደርቅ ነው። ስለዚህ ውሃው ልክ የሚደርስበትን መስመር ውጉ። የዝናብ ውሃ የሚያቁርበትን የውስጥ ጥግም ውጉ። መሬት ላይ የከረመች ጀልባ ከሆነች ምስጥም ይፈለግ። በምስማሮቹ ዙሪያ እንጨቱ ከጠቆረ ምስማሩ ዝጎ ቀጥኗል፤ ጣውላውን አጥብቆ አይዝም።

በመጨረሻ አከርካሪዋ ቀረ። ይኸውም በሆዷ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደው ወፍራም እንጨት ነው። ጎድኖቹም ጣውላዎቹም የተያያዙት በእሱ ነው። ሽማግሌው በየክንዱ ወጉት። ወስፌው አልገባም።

«ይሄ በስብሶ ቢሆን በነፃ ቢሰጡህም አትውሰዳት እልህ ነበር» አሉ።

ሆኖም 4 ጎድንና 6 ጣውላ በስብሶ ተገኘ። ሚስቱ ሂሳቡን በደብተር ጻፈች፤ እንጨት 14,000 ብር፤ ምስማርና ሬንጅ 4,000 ብር፤ የአናጢ ዋጋ በቀን 800፣ የ15 ቀን 12,000 ብር። የጥገናው ድምር 30,000 ብር ሆነ።

«10,000 ጨምሪበት ልጄ። ጣውላ ሲነቀል ያልታየ ብልሽት አይጠፋም» አሏት ሽማግሌው።

ከጀልባዋ ዋጋ ጋር 70,000 ብር መጣ። አዲስ ጀልባ በ75,000 ትሠራለች እንበል። ለ5,000 ብር ልዩነት አሮጌ ጀልባ ማን ይገዛል? ጥገናውን በግማሽ ልተወውና ልሥራባት ማለትም አያዋጣም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ከሐይቁ መሐል ጣውላ ቢለቅ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

(የብረት ጀልባ ከሆነችም ዝገቱን ፍቃችሁ ምቱት፤ የሳሳ ብረት ይጎደጉዳል። ሞተር ካላት ሞተሩን ሳታስነሱ ገንዘብ አትቁጠሩ።)

ባልና ሚስት ተማከሩ። ሰውየው ወደ ሻጩ ሄዶ የበሰበሱትን ጎድኖች አንድ በአንድ አሳየው።

«12,000 እሰጣለሁ» አለ።

ሻጩ «ትቀልዳለህ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ሰውየው አልተከራከረም። ገንዘቡን በመቀነቱ ቋጥሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮው በታንኳው ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ሻጩ ራሱ መጣ።