የቦርሳችን አፍ፦ ዚፕ፣ ገመድ ወይስ ጥቅልል?

ለተራራ ጉዞ የጀርባ ቦርሳ ስንገዛ ብዙዎቻችን የምናየው ቀለሙን፣ የኪሱን ብዛትና ዋጋውን ነው። አፉ እንዴት እንደሚዘጋ የምንጠይቀው ዝናብ ከመታን በኋላ ነው። በዩጋንዳ ደግሞ ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ዋናዎቹ የዝናብ ወራት ናቸው ቢባልም በሌላውም ጊዜ ድንገት ይወርዳል።

ነገሩ የደብተር መራስ ብቻ አይደለም። ካምፓላ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የኤልጎን ተራራ ከፍተኛ ጫፍ ዋጋጋይ ግን 4,321 ሜትር ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ እዚህ በቲሸርት የምንውልበት ቀን እዚያ ብርድ ነው። ቦርሳ ውስጥ ያለው ሹራብ ከራሰ ልጁ የሚቀይረው የለውም፤ እርጥብ ልብስና ነፋስ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት በፍጥነት ይወስዳሉ።

አያቶቻችን ስልቻና አቁማዳን አፉን ሰብስበው በጠፍር ያስሩት ነበር። የሚሰበር ነገር የለውም፤ ጠፍሩ ቢበጠስ በሌላ ይተካል። ዛሬ በትልልቅ የተራራ ቦርሳዎች ላይ የምናየው፣ አፉ በገመድ ተሰብስቦ ክዳን የሚደፋበትና በዘለበት የሚታሰረው አዘጋግ የዚያው ዘመድ ነው። ቦርሳው ከልክ በላይ ቢሞላም ክዳኑ ከፍ ብሎ ይይዘዋል። ጉድለቱ ከሥር ያለውን ለማውጣት ከላይ ያለውን ሁሉ መዘርገፍ ማስፈለጉ ነው። ስለዚህ የዝናብ ልብስ መጨረሻ ይከተታል።

ዚፕ በዛሬ መልኩ የተሠራው በ1913 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሲሆን ሠሪው በአሜሪካ ይኖር የነበረው የስዊድን ተወላጅ ጊዲዮን ሰንድባክ ነው። ቶሎ ይከፈታል፣ ቶሎ ይዘጋል፤ ለተማሪ የሚመቸውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ተራ ዚፕ በጥርሶቹና በስፌቱ በኩል ውኃ ያስገባል፤ በግድ ሲዘጋም ይፈነዳል። ስትገዙ የዚፑን ራስ ገልብጣችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ 5፣ 8 ወይም 10 የሚል ቁጥር ይገኝበታል፤ ይህም የተዘጋው ጥርስ ስፋት በሚሊ ሜትር ሲገመት ነው። ለዋናው አፍ 8 ወይም 10 ብንመርጥ ይሻላል። ኦዊኖ ገበያ ሰልባጅ ቦርሳ የምትገዙ ወላጆች ደግሞ ዚፑን ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። ራሱ አልፎ ከኋላው ጥርሱ የሚላቀቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ያረጀው ራሱ ነው። በፒንሳ ከሁለቱም ጎን ቀስ ብሎ መጫን ለጊዜው ያድነዋል፤ ልብስ ሰፊም ራሱን ብቻ ሊቀይረው ይችላል። ጥርስ የወለቀበትን ግን አትግዙ።

ሦስተኛው እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለለው ነው። አፉ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ ጫፍና ጫፉ በዘለበት ይያያዛል። ጨርቁ ራሱ ውኃ የማያስገባ ከሆነ ዝናብን ከሁሉም በላይ የሚመክተው ይህ ነው። አፉ ድረስ ከሞላ ግን የሚጠቀለል ጨርቅ አይተርፍም፤ ጥቅሙም ያኔ ያበቃል። ቬልክሮ ለትንንሽ ኪስ እንጂ ለዋና አፍ አንመክረውም፤ ጭቃ ሲገባበት አይዝም።

ከተማ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። በታክሲ መናኸሪያ ግፊያ ወይም ቦዳ ቦዳ ላይ ከጀርባ ያለ ዚፕ ሳይሰማ ይከፈታል፤ ክዳንና ዘለበት ግን ጊዜ ይወስዳል።

ሁለት ቦርሳ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። ለትምህርትም ለጉዞም አንድ ብቻ የሚገዛ ወላጅ ጠንካራ ዚፕ ያለውን ይግዛ፤ ለጉዞ ሲሆን ልብሱን እዚህ ካቬራ በሚሉት ወፍራም ፌስታል ጠቅልሎ ውስጡ ያስገባ። ከጉዞው በፊትም ቦርሳው ውስጥ ጋዜጣ ከታችሁ ዝጉትና አንድ ጆግ ውኃ ከላይ አፍስሱበት። የራሰው ጋዜጣ ውኃው በየት በኩል እንደሚገባ ያሳያችኋል።