በጥቂት ውሃ ጓሮን ማልማት፦ በውጫሌና አካባቢዋ
ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሱት ድርቆች የወሎን ሕዝብ ክፉኛ ጎድተዋል፤ በሁለተኛውም ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ለቆ በኢሉባቦር፣ በወለጋና በመተከል እንዲሰፍር ተደርጓል። በቀዬው ለሚኖረው ገበሬ ዝናብ ሲያጥር ጓሮውን የሚያተርፍለት ከምንጭ ወይም ከወንዝ የሚጠለፈው ውሃ ነው።

ይሁን እንጂ የተጠለፈው ውሃ ሁሉ ከተክሉ ሥር አይደርስም። በአፈር ቦይ ሲጓዝ ከፊሉ ይሰርጋል፤ ከፊሉም ይተናል። ማሳን በማጥለቅለቅ ከሚሰጠው ውሃ ተክሉ የሚጠቀመው በአማካይ ከመቶ 60 እጅ ገደማ ሲሆን፣ በጠብታ መስኖ ግን እስከ 90 እጅ ሊደርስ ይችላል።

ለቤተሰብ ጓሮ የሚሆነው የጠብታ መስኖ ሞተር አይሻም። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ከግርጌው የሚወጡት ቀዳዳ ያላቸው ቀጫጭን ቱቦዎችም ውሃውን በየተክሉ ሥር ያንጠባጥባሉ። ቀዳዳዎቹ በደለል እንዳይደፈኑ ውሃውን በጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል። መደቡን በገለባ መሸፈንና በማለዳ ወይም በምሽት ማጠጣት ትነትን ይቀንሳል።

የቁጠባው ጥቅም ለባለጓሮው ብቻ አይደለም። የመስኖ ተራ በውሃ አባት በሚደለደልበት ስፍራ፣ ከላይ ያለው ቤተሰብ ከቦዩ ሳይወስድ የተወው ውሃ ከታች ላለው ይተርፋል። ሰብሉ እየደረቀበት ተራውን የሚጠብቀው ጎረቤትም ቀዬውን ሳይለቅ ቀለቡን ከጓሮው ለማግኘት ይችላል።