ኮረኮንች ላይ ጥርስ ነክሶ መንዳት አያዋጣም!

እሁድን እንዴት ነው የምታሳልፉት? ካፌ ተጎልታችሁ ማኪያቶ በማማሰል? ወይስ አልጋ ላይ ተጋድማችሁ ስልክ በመነካካት? ይሁን፣ አልነቅፍም። እኔን ግን ነፍሴን መለስ የሚያደርጋት ብስክሌቴን ይዤ ከአስፋልቱ ስወጣና ጎማዬ ጠጠር ላይ መንኮሻኮሽ ሲጀምር ነው።

አራት ጓደኛሞች ነን፤ ሦስት ወንድና አንዲት ሴት። ከሰበታ ወደ ሱባ ደን በሚወስደው ኮረኮንች ብዙ እሁድ ተመላልሰንበታል። ደኑ ያለው 3,385 ሜትር ከፍታ ባለው በወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ጽዱና ዝግባው ሲያዩት ልብ ያርሳል። በአፈ ታሪክ ያስተከሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፣ ዘሩም የመጣው ከወፍ ዋሻ ነው ይባላል።

ታዲያ ይህን አንብባችሁ ነገውኑ ብድግ እንዳትሉ! አስፋልት ላይ አንበሳ የሆነ ሁሉ ጠጠር ላይ አንበሳ አይሆንም። ከአራታችን አንዱ ቁልቁለት ላይ ሲበር ኩርባው ድንገት መጣበት። ደነገጠና የፊት ፍሬኑን ጨምድዶ ያዘ። ጎማው ሸተት አለ፣ እሱም መሬት! እጁ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ከረመ።

የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ ይህን ሲሰማ ምን አለ መሰላችሁ? «ጠጠርን አትታገሉት፣ ተለማመጡት!»

እንዴት ነው የሚለማመጡት?

መጀመሪያ ሰውነታችሁን ለቀቅ አድርጉት። መሪውን አንቆ የያዘ ሰው እያንዳንዷን ድንጋይ በትከሻው ይቀበላታል። ክርንና ጉልበት እጥፍ ይበሉ፤ ብስክሌቱ ከሥራችሁ እንደልቡ ይንቀጥቀጥ። ቁልቁለት ላይ ሁለቱን ፔዳሎች እኩል አድርጋችሁ ከኮርቻው ትንሽ ተነሱና ወገባችሁን ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ። ዓይናችሁን ከጎማው ፊት ባለችው ድንጋይ ላይ አትትከሉ። ያያችኋት ድንጋይ ላይ መውጣታችሁ አይቀርም! ልትሄዱበት የፈለጋችሁትን ቦታ ተመልከቱ።

ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ሳይደርስ፣ ገና ቀጥታው መንገድ ላይ ሳላችሁ ነው። ሁለቱንም ፍሬን በቀስታ፣ የፊቱን ደግሞ በጣም በስሱ። ኩርባው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ግን ልቀቁት። ዳገት ላይ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ንዱ። ተነስታችሁ ስትረግጡ ክብደታችሁ ከኋላ ጎማ ላይ ስለሚነሳ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል። ማርሹንም ጉልበታችሁ ሳያልቅ ቀድማችሁ ቀንሱ። መኪና የደመደመው የጎማ መስመር ጠንካራ ነው፤ የላላው ጠጠር የሚከማቸው መሐልና ዳር ላይ ነው።

የጎማችሁ ነፋስስ?

ጎሚስታው እንደ ከበሮ ወጥሮ ሲሞላላችሁ ደስ አይበላችሁ። የተወጠረ ጎማ ጠጠር ላይ ይዘላል፣ አይጨብጥም። ጎማው ጎን ላይ ዝቅተኛና ከፍተኛ ልኩ ተጽፏል፤ ለኮረኮንች ወደ ዝቅተኛው ጠጋ ማለት ነው። ከዚያ በታች ግን አትውረዱ። ጎማው በጣም ከላላ ድንጋይ ሲመታችሁ የውስጡን ጎማ ከቸርኬው ጋር ያጣብቀውና እባብ እንደነደፈው ሁለት ቀዳዳ ያወጣበታል። ስለዚህ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ ከቦርሳችሁ አይጥፋ። ሄልሜትማ ጭራሽ ለክርክር አይቀርብም።

መንገዱ የባለአገሩ ነው

እኛ ለሽርሽር የምንሄድበት መንገድ ለገበሬው የገበያ መንገዱ፣ ለልጆቹ የትምህርት ቤት መንገዳቸው ነው። ከኋላ ድምፅ ሳያሰሙ መጥቶ ሽው ብሎ ማለፍ አህያ ያስደነብራል፤ የደነበረች አህያ ጭነቷን ትጥላለች። ራቅ ካላችሁበት ድምፃችሁን አሰሙ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ሰላምታ ስጡ። «አካም ጅርቱ» ስትሏቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ ታያላችሁ!

ውሻ ቢያባርራችሁ ለማምለጥ አትሞክሩ፣ ይብስበታል። ውረዱና ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መሐል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ራቁ። ከነከሳችሁ ግን ቀልድ የለም! ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

የሴቶቹስ ነገር?

አብራን የምትነዳው ጓደኛችን መጀመሪያ በወንድሟ ብስክሌት ተደብቃ ነበር የምትወጣው። እናቷ የደረሱበት ቀን ቤቱ ተናወጠ። «ሴት ልጅ ኮረኮንች ላይ ብስክሌት? ክብረ ንጽሕናሽን ልታጪ ነው?» አሉ። ይህ ፍራቻ ስንቷን ልጅ ከብስክሌት እንዳስቀረ ቤቱ ይቁጠረው!

እህቶቼ፣ ድንግልና ማለት ከወንድ ጋር ግንኙነት አለማድረግ ነው፤ ኮርቻ ከማንም ላይ ሊወስደው አይችልም። ያች ስስ ሽፋንም ከሴት ሴት ትለያያለች፣ ምስክር ልትሆን አትችልም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር ሆኖ፣ ድንግልናን በምርመራ አረጋግጣለሁ ማለት ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ብሏል።

ጓደኛችን ግን እናቷን በክርክር አላሸነፈችም። ነርስ የሆነች አክስቷን ለመነች፤ አክስትየዋ ቡና እየተጠጣ ቀስ አድርጋ አስረዳቻቸው። በሚቀጥለው እሁድ ሦስታችንንም ቤት ድረስ አስጠርተው አዩን፣ የማን ልጆች እንደሆንን ጠየቁን። ዛሬ የመንገድ በሶ ቋጥረው የሚልኩልን እሳቸው ናቸው። ጠጠርም እናትም በልምምጥ ነው!

በሉ እንግዲህ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰላም በቅርብ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ካልተረጋገጠ ቅሩ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ የምትሄዱበትንም ለቤተሰብ ንገሩ። ውኃ አትርሱ። 10 ሰዓት ላይ ፊታችሁን ወደ ከተማ መልሱ፤ ፀሐይዋ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ጨለማ ውስጥ ጉድጓድና ጥላ አይለይም። መልካም እሁድ!