ተጨማሪ መረጃ፦ ጥያቄው ከሩቅ ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ሕንፃ የሌለው ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። «የኢንተርኔት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት» ይባል ነበር። ማንኛውም ሰው ጥያቄውን ይልክ ነበር፤ ባለሙያዎችና ሠልጣኝ ተማሪዎች መልሱን ከነምንጩ ይጽፉለት ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ከሌሎች ቤተ መጻሕፍት ጋር ጥያቄ የሚቀባበሉበት መረብ ዘረጋ። አንዱ አገር ሲመሽ ሌላው ጋ ይነጋልና፣ ጥያቄው ክፍት ወደሆነውና ጉዳዩን ወደሚያውቀው ይተላለፍ ነበር።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ጠያቂውን መረዳት ነው። «ስለ ቡና መረጃ እፈልጋለሁ» የሚል መልእክት ቢደርስ፣ ጸሐፊው ላኪ ነጋዴ ይሁን፣ ችግኝ የሚያፈላ ገበሬ ወይስ የ8ኛ ክፍል ተማሪ አይታወቅም። ፊት ለፊት ቢሆን ገጽታውና ድምፁ ብዙ ይናገሩ ነበር። በጽሑፍ ግን ባለሙያው ከመመለሱ በፊት መጠየቅ አለበት፦ «ለምን ሥራ ፈለጉት? እስካሁን ምን አነበቡ? እስከ መቼ ይድረስልዎ?» ይህን ሳያጣሩ የሊንክ ክምር መላክ ተገልጋዩን መጣል ነው።

ሌላው ግዴታ ምስጢር መጠበቅ ነው፤ ስለ በሽታው የጠየቀ ሰው ስሙ ከጥያቄው ጋር ተያይዞ ሊታይ አይገባም።

የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ክፍል የአማርኛ መጻሕፍትም አሉት። አዲስ አበባ ያለ ተመራማሪ ስለ እነሱ በኢንተርኔት በነፃ መጠየቅ ይችላል።