«ኔትወርክ የለም»፦ እውነት ወይስ ተረት?

መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ፣ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። ከፊቴ ያሉት መምህር ሌሊት ተነሥተው ከጀማ ቆላ ዳገቱን በእግር ወጥተው ነው የመጡት፤ ስካን የተደረገ የትምህርት ማስረጃቸውን በኢሜይል ለመላክ። የቤቱ ባለቤት የሆነችው ወጣት አውትሉክ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ከፍታ «ላክ» የሚለውን ተጫነች። መላኩን የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር በቅጽበት ሞላ፣ ከዚያ ተገተረ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሰርቨሩ በጊዜው ምላሽ አልሰጠም የሚል ጽሑፍ መጣ። አራት ጊዜ ሞከረች፤ አራቴም ያው ነው።

«ጋሼ፣ ኔትወርክ የለም። ነገ ይመለሱ» አለቻቸው።

እዚያው ኮምፒውተር ላይ ግን ዩቲዩብ ሳይቆራረጥ እየዘፈነ ነበር።

ተረት፦ ኢሜይል አልሄድ ካለ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው።

መርሐቤቴ ላይ ይህን የሚል ሰው አይፈረድበትም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል፤ ያን ጊዜ ያሳለፈ ሁሉ ነገር በተበላሸ ቁጥር መጀመሪያ መስመሩን ይጠረጥራል። ነገር ግን መስመር ሲጠፋ ዩቲዩቡም አብሮ ይጠፋል። ሌላው ሁሉ እየሠራ ኢሜይሉ ብቻ ከቆመ አንቲቫይረሱን ማየት ይገባል።

እንደ አቫስትና ካስፐርስኪ ያሉት አንቲቫይረሶች የኢሜይል ፍተሻ አላቸው። ፍተሻው በአውትሉክና በሰርቨሩ መካከል ይገባል። አውትሉክ መልእክቱን ለሰርቨሩ ያስረከበ ይመስለዋል፤ የተቀበለው ግን እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው አንቲቫይረስ ነው። መስመሩ በቅጽበት የሞላው ለዚህ ነው። ቀርፋፋ ኢንተርኔት ያን ያህል ፋይል በዐይን ጥቅሻ አይውጥም።

ሒሳቡን እንየው። 6 ሜጋባይት ስካን ኢሜይል ውስጥ ሲገባ ወደ ፊደላት ስለሚለወጥ በአንድ ሦስተኛ ያብጥና 8 ሜጋባይት ይሆናል። በሴኮንድ 64 ኪሎባይት በሚያሳልፍ መስመር ይህን ለመስደድ ከ2 ደቂቃ በላይ ያስፈልጋል። አንቲቫይረሱ ፈትሾ፣ የስፓም ማጣሪያም ካለ እሱ ደግሞ በተራው አገላብጦ፣ ቀስ እያለ ይልካል። አውትሉክ ግን ያስረከበ መስሎት ሰዓት መቁጠር ጀምሯል፤ የቆዩት ዕትሞቹ ካልተነገራቸው በቀር የሚታገሡት 1 ደቂቃ ብቻ ነው። በአካውንቱ ሴቲንግ «አድቫንስድ» በሚለው ገጽ ላይ እስከ 10 ደቂቃ ማስረዘም ይቻላል።

ተረት፦ የኢሜይል ፍተሻውን ማጥፋት ለቫይረስ በር መክፈት ነው።

አንቲቫይረሱን በሙሉ አጥፉ የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉ። የሚጠፋው የኢሜይል ፍተሻው ብቻ ነው። የፋይል ጥበቃው እንደበራ ስለሚቆይ አባሪው ሲቀመጥ ወይም ሲከፈት ይመረምረዋል። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ተንደርበርድ የተባለው ሌላው የኢሜይል ፕሮግራም የገቢ ደብዳቤዎችን ሁሉ በአንድ ፋይል ሊያኖር ይችላል፤ አንቲቫይረሱ በአንድ ክፉ ደብዳቤ የተነሣ ያን ፋይል በሙሉ ሲያግደው የስንት ዓመት ደብዳቤ አብሮ ከዐይን ይሰወራል።

ጥፋቱ በአውትሉክ ላይ የተቀጠለ የስፓም ማጣሪያ መሆኑን ለመለየት ደግሞ አውትሉክን በሴፍ ሞድ መክፈት ይረዳል፤ ያኔ ተቀጥላ ፕሮግራሞቹ አይነሡም።

ተረት፦ ሁለት አንቲቫይረስ ከአንድ ይሻላል።

አይሻልም። ሁለቱም አንዱን ፋይል ይሻሙበታል፣ ማሽኑም ይንቀራፈፋል። አንዱን አውጡት።

ተረት፦ «አልተላከም» ካለ አልደረሰም።

ደርሶ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ከአውትሉክም ይቀድማል። ክሬግ ፓርትሪጅ የተባሉ የኢንተርኔት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለዚሁ ጽፈዋል፦ ተቀባዩ ሰርቨር ደብዳቤውን ወስዶ «ደርሶኛል» ከማለቱ በፊት ላኪው ተስፋ ከቆረጠ፣ ያው ደብዳቤ ደግሞ ይላካል፣ ተቀባዩም ዘንድ እጥፍ ይሆናል። የኢሜይል ደንቡ ላኪው ለዚያች የመጨረሻ መልስ 10 ደቂቃ እንዲታገሥ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ነው ልጅቷ ለአምስተኛ ጊዜ ልትሞክር ስትል አቁሚ ብዬ የጮኽሁት። «መምህር፣ መጀመሪያ ይደውሉላቸውና ይጠይቁ» አልኋቸው። ደወሉ። ከወዲያ ያለችው ሴት ጥቂት ፈልጋ «ሁለት ጊዜ ደርሶናል፤ ከእንግዲህ አይላኩ» አለቻቸው። መምህሩ ስልኩን ዘግተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ልጅቷና እኔ የኢሜይል ፍተሻውን አጠፋን፣ የአውትሉክን ትዕግሥት ወደ 5 ደቂቃ አስረዘምን፣ ለራሷ አድራሻም አንድ ትልቅ ስካን ላክን። አሁን መስመሩ ቀስ እያለ ሞላ፤ ደብዳቤውም ሄደ።

ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው። «ታዲያ ጠዋት የመለስኋቸው ሰዎችስ?» አለች፤ ስልክ ቁጥር የምትመዘግብበትንም ደብተር ከመሳቢያው አወጣች።